ሶፋ ያልገባበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ሴናን ከሥራዋ ተቀብዬ እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ውስጥ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ስንመለስ፣ ሬዲዮው ላይ ሁለት የሕግ ሰዎች ይከራከሩ ነበር። እዚህ የተወለደ ልጅ ዜጋ የሚሆነው የወላጆቹ መደበኛ መኖሪያ እዚህ ከሆነ ነው ይላል አንዱ። መደበኛ መኖሪያ ማለትም ሰው ለዘለቄታው ልኖርበት ብሎ ያሰበው ቦታ ነው አለ። ያሰበው! የሰውን ሐሳብ ማን ገብቶ አየው? ተናድጄ ላጠፋው ስል ሴና እጄን ያዘችኝ።

"ሊቭ ኢት፣ አንክል፤ ተወው። ስለ አባዬ እኮ ነው የሚያወሩት።"

አባቷ ጋሽ ቶሎሳ ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ አጠገብ ሜፕልዉድ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል አከራይቶኝ ነበር። እኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ሴና ደግሞ አፏን በእንግሊዝኛ የፈታች ሕፃን። እናቷ ዓለምነሽ ቅዳሜ ጠዋት ጨጨብሳ ስትሠራ የቅቤው ሽታ እስከ ፓርኪንጉ ይወርዳል። ያ ቤት ግን ሶፋ አልነበረውም። ፍራሹ መሬት ላይ፣ ልብሱ ካርቶን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት የጣለውን ደህና ሶፋ እየጎተትኩ ብመጣ ቶሎሳ በሩ ላይ አቆመኝ።

"ልንሄድ አይደል እንዴ? ይሄን ግንድ ምን አደርገዋለሁ?"

"መቼ ነው የምትሄደው፣ ጋሼ?"

"አገር ሰላም ይሁን እንጂ!"

ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲል ኖሯል። ሁላችንም እንል ነበር፤ እኔም ይኸው እያልኩ ሸብቻለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ተበላሽቶ ፍርድ ቤት የቀረበው በጃንዋሪ ብርድ ነው። ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ ደጋግማ ነግራዋለች። "ቤትህ የት ነው ካሉህ እዚሁ በል። ልጅህ እዚህ ተወልዳለች።" እሱም "ኦኬ፣ ኦኬ" ይላል። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። መንገዱ በረዶውን ለማቅለጥ በተበተነ ጨው ነጥቷል።

ዳኛው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቤቱ የት እንደሆነ በአስተርጓሚ ጠየቁት። ቶሎሳ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ፤ ጎንበስ አለ።

"ቤቴስ ነቀምቴ ነው፣ ጌታዬ። እዚህ የእናንተ እንግዳ ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። ስንወጣ "ምን ነካህ?" ብዬ ጮኽኩበት።

"ባለቤቱ ፊት ቆሜ ቤቱ የኔ ነው ልበል?" አለኝ። "ነውር አይደለም?"

ከልቡ ነበር። ሰው ቤት ሲጋብዙት እንኳ የወንበሩ ጠርዝ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። የተፈረደበት በዚያ ቃል ብቻ እንዳልሆነ ጠበቃዋ በኋላ ነግራናለች። ሊሆን ይችላል። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ቃል ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ከአገር አስወጡት። ዓለምነሽ የራሷ ወረቀት ስለነበራት ከልጇ ጋር ቀረች። እሱ ተመልሶ እንዲመጣ አልተፈቀደለትም፤ አምና ነቀምቴ ሞተ። ሴና ሄዳ ቀብሩ ላይ ደረሰች።

ስለዚያ ጉዞ አንድም ቀን አውርታልኝ አታውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የትራፊክ መብራት ይዞን እንደቆምን ወደ መስኮቱ ዞራ ጀመረች።

"ዩ ኖው ዋት፣ አንክል? ነቀምቴ ያለው ቤቱ ሶፋ የለውም። ግዛ ሲሉት 'ሴንት ፖል፣ ልጄ ጋ ልሄድ አይደል እንዴ' ይላቸው ነበር አሉ። ያ የስኖው፣ የበረዶው ጃኬቱ አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል።"

ሬዲዮው አሁንም ሰው ለዘለቄታው ስላሰበው ቦታ ያወራል። ቶሎሳ ጠበቃዋ የለመነችውን መልስ በመጨረሻ ከልቡ ሲሰጥ ኖሯል። የሚጠይቀው ዳኛ ግን አልነበረም።