ልጅን እህት ያደረገ ፎርም

የገዛ ስምዎን በትክክል ጽፈው ፎርሙ «ተሳስተዋል» ብሎዎት ያውቃል? እኔ የሠራሁት ፎርም አንዲትን እናት እንዲህ ብሏቸዋል።

ካምፓላ፣ ኮሎሎ፣ ልጆችን ለፈተና በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ምዝገባው ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር፣ ኮምፒውተር ስለምነካካ፣ ፎርሙን ከድርጅቱ ዳታቤዝ ጋር የማገናኘቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ነገሩ ከባድ አይደለም። ፎርም ጥያቄ ነው፤ ዳታቤዝ መልሶቹ የሚቀመጡበት መደርደሪያ ነው። ማገናኘት ማለት የትኛው መልስ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ መንገር ነው። በሁለት ቀን ጨረስኩ። ኮራሁም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ኦዊኖ ገበያ ልብስ የሚሸጡ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከቦዳ፣ ከሞተር ታክሲ፣ ወርደው መጡ። ልጃቸው ባለፈው ዓመት ተማሪዬ ነበረች። ምዝገባው ዓርብ እኩለ ቀን ይዘጋል፤ ያልተመዘገበ ልጅ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«መምህር፣ ስልኬ ልጄን እንቢ አለኝ» አሉ።

ተቀብዬ አየሁት። በቀይ «የወላጅና የልጅ የቤተሰብ ስም አይመሳሰልም» ይላል። የልጅቷ ሁለተኛ ስም የአባቷ ነው፤ የእናትየዋ ሁለተኛ ስም ደግሞ የራሳቸው አባት። እንዴት ይመሳሰላል? የድርጅቱ ዳታቤዝ ግን ቤተሰብን የሚለየው በአንድ የጋራ ስም ነበር፤ እኔም ደንቡን ሳልመረምር ወደ ፎርሙ አሻግሬዋለሁ።

ቸኮልኩና «እትዬ፣ ለጊዜው የእርስዎን ሁለተኛ ስም ለልጅቷ እንስጣት» አልኩ።

«የአባቴን ስም?»

«ለኮምፒውተሩ ብቻ።»

«የአባቴ ልጅ ከሆነችማ እህቴ ናት! ዘጠኝ ወር ተሸክሜ እህቴን ነው የወለድኩት? ባሌስ ምን ሊባል ነው፣ የሚስቱ እህት አሳዳጊ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንተ መምህር ነህ» አሉ። «ስህተቱን አርም እንጂ ትክክሉን አትሰርዝ።»

ደንቡ ይቀየር ልል ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ።

«ዳታቤዙ አይነካም» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ወላጅ ሁሉ አንድ ስም መርጦ ሲጽፍ ኖሯል። የእናንተ የኢትዮጵያውያን ምን የተለየ ነው?»

«የእርስዎና የአባትዎ የቤተሰብ ስም አንድ ነው?»

«አይደለም» አሉ። ሙጋንዳ፣ የቡጋንዳ ሕዝብ ተወላጅ፣ ናቸው፤ በባህላቸው ለልጅ ከጎሳው ስሞች አንዱ ይወጣለታል እንጂ የአባቱን ስም የግድ አይወርስም። የአንድ አባት ልጆች እንኳ በስም ላይገናኙ ይችላሉ።

«ስለዚህ እርስዎም በዚህ ፎርም አያልፉም» አልኩ። «እኔም አላልፍም። ታዲያ ለማን ነው የተሠራው?»

«ደፋር ነህ» አሉ። ሰዓታቸውን አይተው ግን፣ «እስከ ነገ እኩለ ቀን። የድሮው መዝገብ ቢበላሽ የምጠይቀው አንተን ነው።»

«ይጠይቁኝ።»

መጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወላጆችን በአንድ ሰንጠረዥ፣ ልጆችን በሌላ ለየሁ። ለእያንዳንዱ ወላጅ ቁጥር ሰጠሁና ያንኑ ቁጥር ከልጁ ስም ጎን አስገባሁ። ዝምድናን የሚመሰክረው ቁጥሩ ሆነ፤ ስም ከምስክርነት ተገላገለ። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ጥያቄ ሰረዝኩና «ሙሉ ስም፣ እንደሚጠሩበት» ብዬ ተካሁት።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ለእናትየዋ ደወልኩ። ከጀርባቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል። የልጅቷን ስም ከነአባቷ እየጮኹ ጻፉ። «ላክ» የሚለውን እንዲጫኑ ነገርኳቸው።

«ገባች! በአባቷ ስም ገባች! በል፣ እህትነቷ ቀረ።»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ፎርሙን ከፍተው የራሳቸውንና የአባታቸውን ስም ሲሞክሩ አየኋቸው። አለፈላቸው። 

እርስዎም ይሞክሩት። በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በልጅዎ ትምህርት ቤት ያለውን ፎርም ይክፈቱ። የእናትዎንና የእርስዎን ስም ሳይቀይሩ፣ ሳያሳጥሩ ይጻፉ። እንቢ ካለዎት ስምዎን አያርሙ፤ ፎርሙን የሠራውን ሰው ያስጠሩት።