ፍሬን ይዤ ወደ ሀርጌሳ

ጠዋት፣ ከጅግጅጋ

ልጄ ከድር ሀርጌሳ ውስጥ ከአየር ማረፊያው ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ የጀርመን መኪና አለችው። ሰሞኑን ፍሬኗ ሲረገጥ እስከ ወለሉ እየሰመጠ አስቸገረው። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም በእሷው ነው። እዚያ መኪናው ሁሉ የጃፓን ስለሆነ የእሷ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም። የሟቹ ባለቤቴ መኪና ደግሞ የዚያችው ዓይነት ናት፤ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ቀርታለች። ፍሬን ማስተሯን፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ብረት ማለቴ ነው፣ ካስፈታሁት ሦስት ዓመት አለፈው። እሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። መካኒክ ደህናውን አስቀርቶ ሌላ ይገጥማል ሲሉ ስለምሰማ፣ ጎኑ ላይ የሂና ነጥብ አድርጌበታለሁ።

ረፋድ፣ ከድንበር ከተማዋ ከውጫሌ ወዲያ

ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ልጫን ቢለኝ እምቢ አልኩት። ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ ሌላ መኪና ያዝኩ። መሪው በስተቀኝ ነው፣ መንገዱም በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ የሚያይለት ጋቢና የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በጠየቀኝ ቁጥር «ቆይ» አልኩት። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁብኝ፤ ገቢሌ ግን ዘግይተን በሰላም ደረስን። እዚያ የፍየል ሥጋ በሩዝ ከነሙዙ በላን። አጠገቤ የነበረች ሴት ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ብትጠይቀኝ መድኃኒት ነው አልኳት።

ከሰዓት፣ ጋራዡ

ከድር በባጃጅ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። መካኒኩ ሊባን ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ጥሩ ነው። «አዬዮ» አለኝ፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ጣፋጭ አፉን አላመንኩትም። ከድር ሻይ እንጠጣ ቢለኝ፣ በርጩማ አስመጥቼ ሊባን ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ሰውየውን እኮ እስረኛ አደረግሽው» አለ ከድር።

ሊባን ከካርቶን፣ ከድር በስንት ፍለጋ ያገኘውን አዲስ ፍሬን ማስተር አወጣ። የእኔንም ፈታ። ከዚያ የአዲሱን የሆድ ዕቃ አውጥቶ፣ የእኔን ባዶ ቀፎ ማጠብ ጀመረ። የፈራሁት ደረሰ አልኩ።

«ልጄ፣ የባለቤቴን ብረት ሆድ ለማን ልትሸጠው ነው?»

አልተቆጣም። እጄን ዘርግቶ ሁለት የጎማ ቀለበቶች መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የአዲሱ ጠንካራና ልሙጥ ነው። የእኔው እንደተዘፈዘፈ ባቄላ አብጧል። ከዚያ ቀፎውን አሸተተ።

«አዬዮ፣ ይሄን በሰሊጥ ዘይት የቀባው ማነው?»

ዝገት እንዳይበላው ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ፀጉሬን በምቀባበት ዘይት ውስጡን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከድር አየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሊባን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ፤ እንዲህ ያለው ዘይት የፍሬንን ጎማ ያሳብጠዋል። እንዳለ ቢገጠም ዛሬ ሊይዝ ይችል ነበር፤ ነገ ግን ቁልቁለት ላይ እንጃ። የአዲሱ ቀፎ ደግሞ ውስጡ ሻካራ ስለሆነ የራሱን ጎማ ይበላል። መጠናቸውን ለክቶ አንድ መሆኑን ስላየ፣ አዲሱን ጎማ በአሮጌው ቀፎ ሊያደርግ ነው። ጣቴን አስገብቶ ሁለቱንም አስዳሰሰኝ። እውነቱን ነው።

ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ የሂናዬን ነጥብ በጣቱ አሳየኝ። «ያውና፣ አልሰረቅኩሽም» ብሎ ሳቀ። ምልክቱን ገና ሲቀበለኝ አይቶት ኖሯል። አፈርኩ። ለሙከራ ስንወጣ ከኋላ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ወረድን፤ ፍሬኑ ያዘ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። በማግስቱ ከድር የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ሲያደርስ አብሬ ሄድኩ።

ቤት

ስመለስ ያበጡትን ቀለበቶች በመሐረቤ ጫፍ ቋጥሬ አመጣኋቸው። አልጋዬ ሥር በወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዚያው ዘይት የተነከሩ ሌሎች ሁለት የፍሬን ዕቃዎች አሉ። ለጎረቤት ልሰጣቸው አስቤ ነበር። ከልጆቼ ደብተር በለቀምኩት ፊደል፣ በትልቁ «ሰሊጥ ነክቶታል፤ ሳይታይ አይገጠም» ብዬ ጽፌ ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ ስሜን አከልኩበት፤ ማን እንደቀባው የሚጠይቅ እንዳይቸገር።