እናቲቱን ያዢ፦ ከአቦቦ ወዲያ አንድ ቀን እንቦጭ ነቀላ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ ጋምቤላ ከተማ

ገና አልነጋም፤ ሙቀቱ ግን ቀድሞን ተነስቷል። አይሱዙው ላይ የወጣነው አሥራ ዘጠኝ ነን። እውነቱን ልናገር፣ ለተፈጥሮ አስቤ አልመጣሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ሞባይል ቤት ተቀምጬ የስልክ መሸፈኛ እሸጣለሁ፤ ወንበሩ ሰለቸኝ። ቲቸር ኡጁሉ በቴሌግራም «ረግረግ ውስጥ ገብቶ እንቦጭ ለመንቀል ፈቃደኛ የሆነ» ብሎ ሲጽፍ እኔ የታየኝ እንቦጩ ሳይሆን መንገዱ ነው።

ቲቸር ኡጁሉ ባዮሎጂ አስተምሮኛል። ዕድሜው ከእኔ ብዙ ስለማይርቅ አንቱ አትበሉኝ ይላል። የመኪናው ባለቤትም ሹፌርም ጋሽ ከድር ናቸው፤ ገበያ መሃል ሱቅ አላቸው፤ ቅዳሜያቸውን ዘግተው በነፃ ነው የሚያደርሱን። ወገቤ ላይ ያሰርኩትን ገጀራ አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ በሬ ልታርጂልን ነው?» አሉኝ። የአባቴ ነው አልኳቸው። በትውልድ አገሬ በመቲ ቡና ሥር ያለውን አረም የምንመነጥረው በዚህ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ማንም ወንድ በምንጣሮ ቀድሞኝ አያውቅም። ይህንንም ነገርኳቸው። ብናገር ይሻላል ብዬ ነው፤ ዝም ብል አይጠይቁኝማ።

ጠዋት 1፡20፣ አቦቦ

መንገዱ ዳር የተቃጠለ ሣር፣ ሰው የሚያህል ኩይሳ፣ ከመኪናው ፊት እየሮጠ የሚያቋርጥ ጅግራ። ፀጉሬ በአቧራ ቀይ ሆኗል። አቦቦ ማንጎ ሥር ባለች ሻይ ቤት ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በላን። ዓሣው ትኩስ፣ ሚጥሚጣው የማይራራ። ሻዩ ሃያ ብር፤ ስኳሩ ግን የአርባ ብር ነው።

ለምን ዛሬ፣ ለምን በዚህ ጥድፊያ ብዬ ቲቸርን የጠየቅኩት እዚህ ነው። ሻዩን አስቀምጦ ነገረኝ። የምንሄድበት መንደር ከረግረጉ ወዲህ ነው። እናቱ ያለችው ግን ማዶ ነው፤ የበቆሎ ማሳዬን ትቼ አልመጣም ብላ ብቻዋን ትኖራለች። እህሏንም መድኃኒቷንም ታላቅ እህቱ አቻላ በታንኳ ታደርስላት ነበር። አሁን የታንኳውን መሄጃ እንቦጭ ዘግቶታል። በእግር ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዝናቡ ከጀመረ ደግሞ የእግር መንገዱም ውኃ ይሆናል። ሰማዩ እንደሚያሳየው ቀኖች ናቸው የቀሩት።

እኔ የመጣልኝን አላስቀርም። «ታዲያ ቲቸር፣ ለእናትህ ነው እንዴ ያመጣኸን?»

«ለእንቦጩ ነው» አለኝ። «እናቴ ከእንቦጩ ማዶ ናት።»

ጠዋት 2፡45፣ ረግረጉ ዳር

ይሄ ነገር ቆንጆ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ዓይን እስኪደክም ድረስ አረንጓዴ፣ በላዩ ሐምራዊ አበባ። ውኃ ያለ አይመስልም፤ ሰው የሚራመድበት ሜዳ ይመስላል። አቻላ ታንኳዋን አስራ ቆማ ስትጠብቀን ነበር። ረጅም ናት፣ ጠይም፣ ስትጨብጥ አጥንት የምታስጮህ። ከኋላዋ የመንደሩ ሰዎች አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ዓዞ እንዳይቀርበን ውኃውን በረጅም እንጨት ይመታሉ። አልቅት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ከጉልበት በታች ብቻ ነው ብለው ሳቁብኝ።

ማዶ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። አውራ ጣት ታህላለች። አቻላ እጇን አነሳች፤ ማዶም እጅ ተነሳ። ከተገናኙ ወር አልፏቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ካልሆነ ሌላ መተያያ የላቸውም።

ረፋድ 4፡30

ሥራው ቀርፋፋ ነው። ሰዎቹ ተሰልፈው አንድ አንዱን እየነቀሉ ወደ ኋላ ያቀብላሉ፤ ዳር ያሉት ከውኃው አርቀው ሥሩን ወደ ሰማይ ገልብጠው ይከምራሉ። አንድ ሰዓት ታገስኩ። ከዚያ አልቻልኩም። ገጀራዬን መዝዤ ከሰልፉ ፊት ወጣሁና መመንጠር ጀመርኩ። ጠራርጌ ሄድኩ! ከእኔ ጋር የመጡት የከተማ ልጆች አጨበጨቡልኝ። የመንደሩ ሰዎች ግን ጮኹ። የሚጮኹት በአኙዋክኛ ስለሆነ እኔ ማድነቅ መሰለኝ።

ቀና ስል ነፋሱ የቆረጥኩትን ሁሉ ወደ ኋላ ወስዶታል። ቁርጥራጩ ጠዋት የጸዳው ውኃ ላይ በሙሉ ተበትኗል። ቡና ሥር የተቆረጠ አረም ደርቆ ይሞታል። ውኃ ላይ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር አውጥቶ ራሱን የቻለ እንቦጭ ይሆናል። ይህን ባዮሎጂ የተማርኩት እኔ አላወቅኩም።

አቻላ ውኃውን እየሰነጠቀች መጣች። አልጮኸችም።

«አንቺ ደገኛ፣ ነቀልሽ አይደለም» አለችኝ። «ዘራሽ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያለሁት ግን ውኃ ውስጥ ነው። ወደ መኪናው ልሄድ ዞርኩ። ክንዴን ያዘችኝ። ገጀራዬን ተቀብላ ዳር ላሉት ወረወረችና እጄን በእጇ ይዛ ከቅጠሉ ሥር አስገባችው። ታች፣ ጭቃ በሚመስለው ሥር መሃል፣ አንድ ወፍራም አንገት ዳሰስኩ። ከእሱ በየአቅጣጫው ቀጫጭን ገመድ ይወጣል፤ በየገመዱ ጫፍ ትንንሽ እንቦጭ ተንጠልጥሏል።

«ይቺ እናት ናት። እናቲቱን ያዢ። ልጆች ራሳቸው ይመጣሉ።»

ጠምዝዤ ሳብኩ። ስምንት መጡ፤ ቆጠርኳቸው።

ከሰዓት 8፡00

የበተንኩትን ለመልቀም ሁላችንም ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አንዱ የከተማ ልጅ «የመቲዋ ዘሪ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ይገባኛል። ምሳ የበቆሎ ገንፎ ከደረቀ ዓሣ ጋር ነበር፤ አቻላ ከራሷ ሳህን አካፈለችኝ። እኔ ብሆን ያንን ጥፋት ለሠራ ሰው አልሰጥም ነበር።

አመሻሽ 10፡10

በስተ ምሥራቅ ደመናው ጠቁሯል። ወደ ማዶ የቀረው ሃያ እርምጃ የሚሆን አረንጓዴ ነው። ጋሽ ከድር ክላክስ አደረጉ፤ ከዘነበ መኪናው ጭቃ ውስጥ ያድራል። ማንም አልወጣም። ደገሙት። በሦስተኛው ሊቆጡ ወደ ውኃው ዳር ወረዱ። ማዶ የቆመችውን አሮጊት አይተው ማን ናት አሉ፤ ቲቸር ነገራቸው። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው? አሉ። አዎ አልናቸው። ሱሪያቸውን አጥፈው ገቡ። እየነቀሉ የእኛን አነቃቀል ይነቅፉ ነበር፤ የአቻላን ትምህርት እኔው አስተማርኳቸው።

ታንኳ የምታልፍበት ስፋት ሲከፈት ማንም አልጮኸም፤ ጉልበት አልቀረንም። አቻላ ዱቄቱንና መድኃኒቱን ጭና በእንጨቷ ገፋች። ሁለት ቦታ ተያዘች፣ ወዝውዛ አለፈች። ታንኳዋ ማዶ ስትደርስ እናቲቱ አላቀፈቻትም። እጆቿን ወገቧ ላይ ጭና የሆነ ነገር ተናገረች፤ ድምጿ ውኃውን ተሻግሮ እኛ ጋ ደረሰ። ቲቸር ኡጁሉ ፊቱን በጭቃ እጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ሳቅ ብቻም አልነበረም።

«ምን አለቻት?» አልኩት።

«‹ለምን ዘገየሽ?› አለቻት።»

አመሻሽ 12፡00፣ የመልስ መንገድ

ዝናቡ አቦቦ ሳንደርስ ያዘን። ሸራ የለንም፤ አሥራ ዘጠኛችንም ረጠብን። መዳፌ ተልጧል፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ጭቃ የሚወጣ አይመስለኝም። አቻላን ስሰናበት ማመስገን አቅቶኝ እጇን ብቻ ያዝኩ፤ እዚህ ልጻፈው። አጥፍቼ ሳለ ከውኃው አላስወጣሽኝም፤ አመሰግናለሁ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ዝናብ እረግመው ነበር። ዛሬ ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ ተቀበልኩት። የእግር መንገዱ ይሄኔ ውኃ ሆኗል። ይሁን፤ በታንኳ ይገናኛሉ።