ጋሼ ይማምና የጆንያው ግድግዳ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ዕለቱንና ሰዓቱን ያልረሳሁት ስለፈራሁ ነው። የተደሰትኩባቸውን ቀኖች እንዲህ አስታውሼ አላውቅም።

ትዝታውን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በማስተምርበት፣ ሱዳን ውስጥ ባለው በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ፣ ከጭነት መኪና ላይ አዳዲስ ባዶ ጆንያ ሲያራግፉ ዝናብ ደረሰባቸው። የረጠበ የቃጫ ጆንያ ሽታ፣ ዘይትና አፈር የተቀላቀለበት፣ በመስኮት ገባ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተማሪዎቼ ያዩኛል፤ እኔ ግን ገዳሪፍ ነበርኩ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጋሼ ይማም ሱቅ ውስጥ።

ጋሼ ይማም ባዶ ጆንያ ይሸጥ ነበር። የጎንደር ሰው ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ይጫወት እንደነበረና ጃዝ የሚባለውን ጨዋታ እዚያ እንደተማረ እናቴ ነግራኛለች። በመተማ በኩል ተሻግሮ ለምን እንደመጣ ግን ለማንም አልተናገረም። እናቴ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለት ስለነበር እኔም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው እውል ነበር። ከሱቁ ጀርባ፣ እስከ ጣሪያ በተደረደረው ጆንያ መካከል፣ አንድ አልጋ የምታህል ባዶ ቦታ አለች። ከሰርግ ዘፋኝ የገዛው አሮጌ ኪቦርድ፣ በሁለት የዘይት ጀሪካን ላይ በተጋደመ ጣውላ እዚያ ተቀምጧል። ጆንያው ድምፁን ይውጠዋል፤ ውጭ ያለ ሰው ምንም አይሰማም።

ገዳሪፍ በተሲያት ትተኛለች። ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፤ የጋሪ አህዮች የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ ኳ ኳ ይላል። ጋሼ ይማም እጁን ታጥቦ የሚቀመጠው ያን ጊዜ ነበር።

ልምምዱ የማንንም አይመስልም። በባቲ ቅኝት ከሚያውቀው ዜማ አራት ድምፅ ብቻ ይወስዳል። ይነካል፤ እጁን አንስቶ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ከዚያ እንደገና። አንዳንዴ ከአራቱ አንዷን ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት።

"ይማም፣ ያቺን አራት ድምፅ ዛሬም አላበሰልካትም?" ትለዋለች እናቴ መርፌዋን ሳታቆም። "እኔ በዚህ ጊዜ ሁለት ድስት አወጣ ነበር።"

"ያንቺ ድስት ተበልቶ ያልቃል፣ ዘሀራ።"

ለእኔ ደግሞ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ "ጃዝ ማለት የምታውቂው ዜማ ከቤቱ ወጥቶ በሌላ መንገድ ሲመለስ ነው። መጀመሪያ ግን ቤቱን ማወቅ አለብሽ።"

አልፎ አልፎ እኔንም ያስቀምጠኛል። እሳሳታለሁ ብዬ እቸኩላለሁ፤ ስቸኩል እሳሳታለሁ። አይቆጣም። "ስህተቱ ጣትሽ ላይ አይደለም" ይለኛል። "ጣትሽ ከመሳሳቱ በፊት ትከሻሽ ወጥቷል። እዚያ ላይ ቁሚ።" ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ "ምን ሰማሽ?"

"ተሳሳትኩ።"

"እሱ የፈራሽው ነው፣ ሐዋ። የሰማሽውን ንገሪኝ።" እኔ ዝም ስል ይስቅና፣ "ድምፅሽን ለማን ነው የምታስቀምጪው?" ይለኛል።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ጆንያ ይሸጣል። ገበሬው ከባሱንዳም ከዶካም መጥቶ ይጭናል፤ የጋሼ ይማም ግድግዳም በየቀኑ ዝቅ ይላል። ድምፁ ወደ ጎረቤት መውጣት ጀመረ። የዚያን ዓመት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ በገበያው ውስጥም የአፈሳ ወሬ ይናፈስ ነበር። ጋሼ ይማም የኪቦርዱን ድምፅ ቀነሰ። ሰው ሲመጣ እንድነግረው እኔን በር ላይ አስቀመጠኝ።

ያን ማክሰኞ እናቴ ክር ልትገዛ ሄዳለች። ካኪ የለበሰ፣ ፋይል በብብቱ የያዘ ሰው ፊቴ ቆመ። አወቅሁት፤ ከሳምንት በፊት ከሱቁ ጀርባ ያለውን ቤት የተከራየ የወረዳው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው።

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይህን የሚጫወተው ማነው?" አለኝ በዓረብኛ።

"ሬዲዮ ነው" አልኩ።

ሌላም ነገር ተናገረ፤ ጆሮዬ ግን ተዘግቶ ነበር። ሮጬ ገባሁ።

"ጋሼ! የመንግሥት ሰው ነው! ማነው የሚጫወተው አለ! ተቆጥቷል!"

ጋሼ ይማም እጁን አነሳ፤ ጉልበቱ ላይ ግን አላሳረፈውም። ምን ሰማሽም አላለኝም። ሶኬቱን ነቅሎ ኪቦርዱን በጆንያ መጠቅለል ጀመረ። እናቴ ስትመለስ ነገ ጠዋት ወደ ዶካ በሚሄደው ሎሪ እንደሚልከው ነገራት፤ እዚያ የሚገዛው የሰርግ ዘፋኝ አይጠፋም።

"ምነው ይማም፣ ሰውየውን ሳታነጋግረው?"

"ኢቃማ የሌለው ሰው ምን ብሎ ያነጋግራል?"

ጀንበር ስትጠልቅ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጬ የሰውየውን ቃል አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለስኩት። ልክ እንደ አራቱ ድምፆች፣ አንዱን ብዬ፣ ቆሜ፣ ሌላውን። ትከሻዬ የወጣው "ተቆጥቷል" የሚለው ላይ ነበር። ያን ቃል ማንም አላለውም። የእኔ ነው። ከጥያቄው በኋላ ደግሞ የሆነ ነገር ነበር፤ "ኡሚ" ብሏል፣ እናቴ። ግን እናቱ ምን ሆነች? ድምፁ ረበሻት? ሄጄ ብጠይቅ ሰው እንዳለ መመስከሬ ነው፤ ጋሼ ይማምን ይዘው ቢሄዱስ? ዝም ብል ደግሞ ኪቦርዱ በእኔ ቃል ይሄዳል። እራት አልወረደልኝም። እናቴ ወባ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ጋሼ ይማም ከዓመታት በኋላ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ወደ ጋላባት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አላውቅም። ለእኔ የተወልኝ ሙዚቃ አይደለም፤ ዛሬም አንድ ዜማ አልጫወትም። ሰው ሲናገረኝ ግን ከመመለሴ በፊት እቆማለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጓደኞቼ ዓይን አፋርነት ነው ይሉት ነበር። ዓይን አፋርም ነኝ፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሱቁ ስደርስ ጥቅሉን በገመድ እያሰረ ነበር።

"ጋሼ፣ ተቆጥቷል አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ስለ እናቱ የሆነ ነገር ተናግሯል፤ አልሰማሁትም።"

ገመዱን አጠበቀ። "ሎሪው በሁለት ሰዓት ይነሳል" አለ።

"ሄጄ ልጠይቀው?"

"አንቺ?" አልሳቀም። "ስሜን ቢጠይቅሽስ?"

"አልነግረውም።"

ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ በአገጩ ወደ በሩ አመለከተኝ።

የጸሐፊውን የብረት በር አንኳኳሁ። ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። መንገድ ላይ ቃል በቃል ያጠናሁትን ተናገርኩ፦ "ትናንት ሬዲዮ ነው ያልኩት ውሸት ነው። ስለ እናትዎ ያሉትን አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።"

ሳቀ። "ሬዲዮ አለመሆኑንማ አውቃለሁ። የትኛው ሬዲዮ ነው አራት ድምፅ ይዞ ሳምንት የሚውለው? እናቴ ዓይኗ አያይም። በተሲያት እሱን እየሰማች ነው የምትተኛው። ድምፁ ቀነሰብኝ ብላ ነው የላከችኝ።"

የማንንም ስም አልጠየቀኝም።

ተመልሼ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ጋሼ ይማም ጥቅሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ የገመዱን ቋጠሮ ይፈታ ጀመር። እኔም ድምፁ ወደ ዓይነ ስውሯ እናት እንዲያልፍ፣ በጸሐፊው ቤት በኩል የቀረውን የጆንያ ቁልል አንድ በአንድ እያወረድኩ ወደ ማዶው ግድግዳ መውሰድ ጀመርኩ። ሎሪው ጡሩምባውን ሲነፋ ቀና አላልኩም።