ለመዳኑ የተቃመ ጫት

ጫት በሕግ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚለውን ክርክር አንጀቴ እስኪቃጠል የሰማሁት በሬዲዮ ወይም በቀበሌ ስብሰባ አይደለም። እዚሁ ጅማ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ያውም ትሪው ጫት ሞልቶ። ሰዎቹ የተጠሩት ደግሞ ወንድሜ ጫት እንዳቆመ እንዲጸና ዱአ ሊያደርጉለት ነበር። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ አናጺ ነው። የእሱን በርጩማ ፍለጋ ከሰርቦ ድረስ ይመጡ ነበር። ጫት የጀመረው ለሥራ ያነቃኛል ብሎ ነው፤ ቆይቶ ያው ጫት ሥራውን ቀማው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ግድግዳው ያናግረኛል አለ። በመጨረሻ ጎረቤቶቼ ሊመርዙኝ ነው ብሎ የራሱን በር በመጥረቢያ ፈለጠው። ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሟ እናቴንና እኔን አስቀምጣ፣ "አንድ ቅጠል እንኳ እንዳይነካ፤ ከነካ ሕመሙ ይመለሳል" አለችን። እናቴ እያለቀሰች ሰማች። እኔም ሰማሁ። ለዘመድም ሁሉ አንድ በአንድ ነገርን።

ክረምቱን ሙሉ አልነካም። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እንደገና እንጨት መላግ ሲጀምር እናቴ "አልሃምዱሊላህ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ዝናቡ ሲያባራ ግን ከየቡ ከተማ ትልቅ ሽማግሌ አስመጥቼ ዱአ ካላስደረግሁለት አለች። እኔ ዱአ አልጠላሁም፤ ያለ ጫት ይሁን ነው ያልኩት።

"ያለ ጫት ምን ዓይነት ዱአ ነው? ሽማግሌ በባዶ ትሪ አስቀምጬ ልዋረድ?"

"እማ፣ ልጅሽ የታመመው እኮ በጫት ነው!"

"እሱ የመንገድ ጫት ነው። ይሄ የዱአ ነው። ማሎ፣ እባክሽ ነገር አታክፊብኝ።"

እንግዲህ ምን ይባላል! ሁለቱም ከአንድ ገበያ ነው የሚገዙት። የወንድሜ ጭንቅላት የዱአውን ከመንገዱ እንዴት እንደሚለይ ግን የነገረኝ የለም።

በቀጠሮው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሽማግሌውና ዘመዶቻችን ገቡ። በእኛ ዘንድ ጫቱን ከኮባ ቅጠሉ ፈትቶ የሚያድለው ከተቀመጡት ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ነው። የሚያንሰውም ወንድሜ ሆነ። ተነሥቶ ለእያንዳንዱ አደለ። እያደለ ጣቶቹን በሱሪው ሲጠራርግ ሻይ ይዤ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሌላው ሰው አላየም፤ ክርክር ይዟል።

"መንግሥት በአዋጅ ካልከለከለው ይሄ ትውልድ አለቀ፣ ዋላሂ!" ይላል ነጋዴው አጎቴ፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ።

"ቡናዬን ነቅዬ ጫት የተከልኩት ወድጄ መሰለህ?" አለ ከሰቃ የመጣው ገበሬ ዘመዳችን። "ቡና በዓመት አንዴ ነው። ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል። ከልክሉና ልጆቼን እናንተ አብሏቸው!"

አንድ አስተማሪ ዘመዳችን ደግሞ ስልኩን እያሳየ፣ ውጭ አገር ሐሺሽ እንኳ እየተፈቀደ ነው፣ የሚያስፈልገው ቁጥጥር ነው አለ። ቁጥጥር! ሁለት ክንድ ርቀት ላይ በሽተኛ ጫት ሲያድለው እጁን ዘርግቶ እየተቀበለ!

የገበሬው ነገር ይገባኛል፤ ልጅ ጾሙን አያድርም። አጎቴም አልዋሸም። ያንገበገበኝ፣ ለአገር ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ለዚያች አንዲት ትሪ ሕግ ማውጣት ማቃታቸው ነው።

ዱአው ሲያልቅ ሽማግሌው አንድ ቀንበጥ መርጠው አነሱ። ቱፍ ቱፍ ብለው መረቁና ለወንድሜ ዘረጉለት። "እንካ ልጄ፣ በረካ ነው። ሸይጧኑን ያርቅልህ።"

"ሐጂ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" አለ ቀስ ብሎ።

"የሽማግሌ እጅ ይመለሳል እንዴ?" አለ አጎቴ፤ ያ አዋጅ ይውጣ ባዩ አጎቴ።

አልቻልኩም። "ሐጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይስጡት። ያበደው በዚሁ ነው" አልኩ።

"ዝም በይ አንቺ!" አለች እናቴ።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። "አንዲት ቀንበጥ ናት ልጄ። ኢንሻአላህ አትጎዳውም" አሉኝ። ወንድሜ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተቀበል አለችው። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ስሞ፣ አፉ ውስጥ ከተታት። ሁሉም "አሚን" አሉ።

በአንዲቷ መች ቆመ። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ገዛ፤ ወር ሳይሞላ ግድግዳው እንደገና ያናግረው ጀመር። አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሟ፣ "ማን ሰጠው?" ብላ ስትጠይቀን እናቴ ቀደመችኝና፣ "ጓደኞቹ" አለች።

ባለፈው ጁምዓ እናቴ ዘመድ ሰብስባ አስጠራችኝ። ሽማግሌው ተቀይመዋል፣ ዱአው የከሸፈው በእኔ አፍ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ዱአ ይደረጋል፣ የዱአውን ጫት ደግሞ የምገዛው እኔ ነኝ ተባለ። ካሳ መሆኑ ነው። አንድ ቀንበጥ አልገዛም አልኳቸው። እናቴ ፊቷን አዞረች፤ አጎቴም ጉንጩን እንደወጠረ ፈረደ፤ የወንድሟን መዳን የማትፈልገው እኔ ሆንኩ።