ጥጡ ፍሬ የያዘ ሰሞን

ልጅ ሳለሁ ጥጡ ፍሬ መያዝ ሲጀምር በቤታችን ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። የምንኖረው ከአዳማ ወደ መተሐራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አዋሽን ተጠግተን ነበር። ያኔ ማሳው ትል የገባበት ሰው ከፊቱ ይታወቃል፤ ሰላምታ እንኳ አጥብቆ አይመልስም።

አንድ ዓመት አባቴ ኬሚካል በረጨ ማግስት እናቴ ለአረም ገብታ ጥጡ መሐል ወድቃ ተገኘች። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ አዳማ ሆስፒታል አደረሷት። ተርፋ ተመለሰች፤ ብርጭቆ ስትይዝ ግን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴም ያ መርዝ ሁለተኛ ደጃፌን አይረግጥም ብሎ ማለ።

በዓመቱ የአባቴ ታላቅ እህት ልታግዘን ከመቂ መጥታ እኛ ዘንድ ከረመች። በኦሮምኛ አክስትን እንደምንጠራው «አዳዳ» እንላት ነበር። ከቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ጋር ሆነው ትሉን እንዲያባርር የመራራውን የኒም ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ይዘፈዝፋሉ፤ የበቆሎ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ሳሙና ይጨምሩበትና ቅጠል እየነከሩ ጥጡ ላይ ይረጩታል። የበቆሎው ሽታ ትልና የትል እንቁላል የሚበሉ ነፍሳትን ይጠራል አሉን። አባቴ እሺ ቢልም ልቡ አላመነም። በየቀኑ ከማሳ ሲመለስ የተበሳ ፍሬ በመዳፉ ይዞ ይገባና እናቴ ፊት ያስቀምጠዋል።

ሲመሽ አዳዳ እኔንና ታናሽ እህቴን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፍሙ ቀስ በቀስ አመድ እየለበሰ፣ ተረት ትነግረናለች። አንድ ምሽት በጅብ ስለተማረረ ሰው እያወራችልን ነበር። ሰውዬው ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ደጅ ከጣለ በኋላ ተኛ፣ እንዳለች አባቴ ከአዳማ ገባ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ። እናቴ የመርዙ ሽታ ቀድሞ ደረሳት።

«ይዘኸው መጣህ?» አለችው።

አባቴ ከብብቱ ጠርሙስ አወጣ። «ምን ላድርግ? የታችኛው ማሳ አለቀ እኮ! ጎህ ሳይቀድ እረጫለሁ። አለዚያ እነዚህን ልጆች በምን አሳድጋቸዋለሁ?»

«ያለ እናት ልታሳድጋቸው ነው?»

እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አዳዳ ፊቷን ከእኛ ሳታዞር ቀጠለች። «ሲነጋ ሰውዬው ወጣ። ሥጋውን በልቶ የሞተው የገዛ ውሻው ኖሯል። በማግስቱ ጅቡ እያዘገመ በበሩ ገባ፤ የሚጮህበት የለማ።»

«እትዬ፣ እኔ ተረት ላይ አይደለሁም» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ። ብርሃን ሲሆን አብረን ማሳ እንግባ። አይተህ ካልተዋጠልህ እኔ አልከለክልህም።»

አባቴ ጠርሙሱን ውጪ አስቀምጦ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አዳዳም ሌላ ተረት ጀመረች፤ እሱ ሲያልቅ ሌላ።

ሲነጋ ተከትለናቸው ሄድን። አባቴ አንድ ቅጠል ገለበጠና እሾሃማ መሳይ፣ ጥቁር፣ ሲያዩት የሚቀፍ ትንሽ ነገር አገኘ። በጣቱ ሊደፈጥጠው ሲል አዳዳ አንጓውን ያዘችው።

«እሱን ተወው፤ የኛ ነው!»

ገና ክንፍ ያላወጣ የባለ ጥቁር ነጠብጣቧ ቀይ ጢንዚዛ ልጅ ነበር። አባቴ ቁጢጥ ብሎ አየው። ቅጠሉ ላይ የተጣበቁትን የትል እንቁላሎች አንድ በአንድ እየለቀመ ይበላል። ቀጥሎ ያለውን ቅጠል ገለበጠ፤ እዚያም አለ። በሚቀጥለው ግን ትል ብቻ ነበር። ፀሐይ ጀርባውን እስክትመታው ድረስ እንዲያ ሲገላብጥ ቆየና ብድግ ብሎ ትሉን በእጁ ይለቅም ጀመር። እናቴ አየችው፤ ከዚያ ሁላችንም ገባንበት። ጠርሙሱን ከሰዓት በኋላ ወደ ገዛበት ሱቅ መለሰው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አስጨናቂ ነበሩ። የታችኛው ማሳ ምንም አልሰጠንም። የላይኛው ግን ዳነ፤ ፍሬው ፈንድቶ ነጣ። እናቴ እያረፈች፣ በሚንቀጠቀጠው እጇ፣ ስትለቅም አባቴ ከጥጡ ይልቅ እሷን ያይ ነበር።

አዳዳ አሁን በሕይወት የለችም። እኔ አዳማ ጨርቅ እየሸጥኩ ልጆች አሳድጋለሁ። ከተረቶቿ የብዙዎቹ መጨረሻ ጠፍቶብኛል፤ የቀረኝ ያን ምሽት የእኔና የእህቴ ዓይን ተከድኖ እንኳ ያላቋረጠው ድምፅዋ ነው። ያኔ እንቅልፍ እንዲወስደን የምታወራ ይመስለኝ ነበር። የገባኝ ወልጄ፣ እኔም በተራዬ ለልጆቼ ፈርቼ ካደርኩ በኋላ ነው። ፊቷ ወደ እኛ ይሁን እንጂ ተረቱ ለእኛ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሟ በሩን ከፍቶ እንዳይወጣ እስኪነጋ ድረስ እሱን ስታባብል ነበር።