የድሮው ቦክሰኛ ወይስ የአሁኑ

የአባቴን የስፌት መኪና ዘይት ሳጠጣ ልጄ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «በአያቴ ዘመን የነበረው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከአሁኑ ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል?» አለኝ። ጥያቄውና የዘይቱ ሽታ ተጋግዘው በደርግ ጊዜ ጊንጆ ሰፈር ወደነበረችው ሱቃችን ወሰዱኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጎረቤታችን ከጋሽ ከማል ጋር በየቀኑ የሚከራከረው በዚሁ ነገር ነው። «ወላሂ የድሮው አንዴ ከመታው አይነሳም» ይላል አባቴ። «ኤዬ፣ መጀመሪያ ይድረስበት እንጂ! የአሁኑ እኮ እየጨፈረ ነው የሚመታው» ይላሉ ጋሽ ከማል።

አንድ ቀን የማናውቀው ሰው ኮቱን ይዞ ቁልፍ ሊያስተክል መጣ። በዚያ ሁሉ የክረምት ጭቃ ጫማው ያበራል። ክርክሩን ፈገግ ብሎ ሲሰማ ቆየና አባቴን፣ «እርስዎስ፣ ከድሮውና ከአሁኑ የቱ ይሻላል ይላሉ?» አለው።

አባቴ ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ዳበሰ። «የአሁኑ ነዋ» አለ።

ጋሽ ከማል አቀረቀሩ። እኔ፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ...» ስል መርፌውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ክር አስገቢልኝ» አለኝ።

ሰውየው ሲወጣ አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ክሩ አልተበጠሰም፤ በምላጭ ነው የተቆረጠው» አለ።

«እንግዲያው የጠየቀህ ስለ ቦክስ አይደለማ» አሉ ጋሽ ከማል።

ሰው የራሱን ቁልፍ ለምን እንደሚቆርጥ ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሱቃችን ውስጥ ስለ ቦክስ ተወርቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ ማን ያሸንፋል?» አለ ልጄ ደግሞ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ በሩን አየሁ።